ከቅጥሩ ውጭ የበቀለች እሬት

ሰው ቁልቋል ለማየት ብሎ ከቤቱ ይወጣል ብትሉኝ ኖሮ ዱሮ እኔም እስቅ ነበር። ጎንደር ላይ ቁልቋል ብርቅ ነው እንዴ? አጥሩ ቁልቋል፣ ገደሉ ቁልቋል፣ የየደብሩ ዙሪያ ቁልቋል። ሆኖም ከአዘዞ ወጣ ብሎ፣ ጤፍም ሽንብራም እንቢ ባለ አንድ ድንጋያማ መሬት ላይ፣ እኔና ሦስት ጡረተኛ ጓደኞቼ እሾሃማና ውሃ ቋጣሪ ተክል ብቻ ሰብስበን የአትክልት ቦታ አቋቋምን። ሰፈርተኛው "የእሾህ ቤት" የሚል ስም አወጣልን። ይበል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን እንደለበሰ ጎራ የሚለው ሰው እየበዛ ሲመጣ አስጎብኚ ያስፈልገናል ተባለ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ተቀምጬ ሌላ ማን ሊሆን ነው?

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያዳምጠኝ ሰው አጥቼ ነበር። ቤት ውስጥ አፌን ስከፍት ባለቤቴ "አሁን ደግሞ ክፍል ገባህ?" ትለኛለች፤ ልጆቼ ስልካቸው ላይ ያፈጥጣሉ። እዚያ ግን ሰው ቆሞ ይሰማኛል፤ አንዳንዱም ይቀርጸኛል። እኔም ጠባዬን ታውቁታላችሁ፣ ስሕተት ስሰማ አልችልም። አንዱ ቁልቋሉን አይቶ "ካክተስ" ያለ እንደሆነ፣ "አይደለም!" ብዬ ነው የምጮኸው። ቁልቋል የአገራችን ነው፣ ሲቆርጡት ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ወተት ይወጣዋል። ካክተሱ በለስ ነው፤ እሱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው። ይህን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ ከኋላ አንዱ፣ "መምህር፣ ለምን መድኃኒት ይሆናል?" ይላል። "ለምንም!" "ለኪንታሮትስ?" ኧረ ስንቱን ችዬው ነበር።

በዚያ ሁሉ እሾህ መሃል የእኔ ዓይን የነበረችው ግን አንዲት እሬት ናት። ቅጠሏ ዥጉርጉር፣ ጠርዟ ላይ ያሉት ጥርሶቿ ቀላ ያሉ። እንዲህ ዓይነቷ ቆላ፣ ወደ ተከዜ ወረድ ሲሉ ነው የምትገኘው። እኔ ግን ያገኘኋት ብርዱ አጥንት ከሚሰብርበት ከጃናሞራ ደጋ፣ ከመካነ ብርሃን አጠገብ ነው። ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የአንድ የድሮ ባልደረባዬ አባት አርፈው፣ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ሚኒባስ ተከራይተን በደባርቅ አድርገን ለቅሶ ደረስን። አድረን በማግስቱ ልንነሳ ስንል ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ወረደ። እኔም እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣሁ። ከድንጋይ ቅጥሩ ውጭ፣ በስተኋላ በኩል፣ ብቻዋን ተቀምጣለች።

ቆላ የምትበቅል እሬት ደጋ ላይ! ማን አመጣት ብዬ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም። ወፍ አመጣት አልኩ። ጎርፍ አመጣት አልኩ፤ ጎርፍ ሽቅብ የሚወጣ ይመስል! ሠላሳ ዓመት ተማሪ "አስብ እንጂ" ብዬ ጆሮውን ስቆነጥጥ የኖርኩ ሰው ያን ዕለት ማሰብ አቃተኝ፤ ማንም ያላየውን እኔ አየሁ የሚለው ብቻ ነው የታየኝ።

መቃብር ላይ እሬት እንደሚተከል አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። የአባቴ መቃብር ላይ ያለችውን ራሴ ነኝ የተከልኳት። ግን መቃብር ያለው በቅጥሩ ውስጥ ነው፤ ይቺ ደግሞ ውጭ ናት። ውጭ ያለ ነገር ባለቤት የለውም አልኩ፣ በቃ። ከቦርሳዬ የማትለየኝን መኮትኮቻ አውጥቼ ዙሪያዋን መማስ ጀመርኩ።

ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ በቅጥሩ ሥር ሲያልፉ አዩኝና ቆሙ።

"ምነው ጌታዬ፣ እሷን ምን ልታረጋት ነው?"

"ለጥናት ነው፣ አያ። ከመንግሥት ነው የመጣሁት።"

የማን መንግሥት ነው የላከኝ? ጡረተኛ ነኝ እኮ! ግን ቃሏ እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ ገጠር ላይ "ለጥናት" ያሉ እንደሆነ ሰው ይሸሻል። ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ተዋት ብትባልስ?" አሉ። ያልሰማሁ መስዬ ቁፋሮዬን ቀጠልኩ። እሳቸውም ዱላቸውን እየወዘወዙ፣ ወደ ኋላ ዞር እያሉ ሄዱ። እሬቷን ከነአፈሯ በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ ሾፌሩ ጥሩንባውን ሲያስጮኸው እየሮጥኩ ደረስኩ። መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን ታቅፌያት ነው የመጣሁት። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ፊቴ ይስቅ እንደነበር አንዱ ጓደኛዬ ታዝቦኛል።

የእሾህ ቤታችን ውስጥ ጥሩውን ቦታ ሰጠኋት። ፊት ለፊቷ ሰሌዳ አቆምኩ፤ "ከጃናሞራ ደጋ፣ ከመካነ ብርሃን አጠገብ የተገኘች ብርቅ እሬት" ይላል። ከሥሩ ያገኛት ሰው ስም አለ፤ የእኔ ስም። ሌሎቹ ተክሎች ላይ የማንም ስም የለም። ጓደኞቼ አይተው ሳቁ እንጂ አልተናገሩኝም። ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ እሬቷ ሁለት ዘንግ አወጣችና እሳት የመሰለ አበባ አበበች። እኔ ደግሞ በየእሑዱ ወሬዬን አሳመርኩ።

ከእነዚህ እሑዶች በአንዱ ከስምንት የማይበልጡ ጎብኚዎች ነበሩ። ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አዲስ የተጋቡ የሚመስሉ ጥንዶች፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት ሴት እናቷን ክንዳቸውን ይዛ። ልጅቱ አዘዞ አዲሱ መንደር እንደምትኖር ነገረችኝ። እናቷ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ እግራቸው አብጦ በዱላ ነው የሚሄዱት። ሕመማቸውን ለማሳከም ከገጠር ካመጣቻቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ እየተዘጋ፣ እግራቸውም እንቢ እያለ፣ እዚያው ከልጃቸው ዘንድ ቀርተዋል። "ቤት ውስጥ ተቀምጠው አዘኑብኝ፤ ትንሽ ይናፈሱ ብዬ ነው" አለችኝ ልጅቱ። "ሸጋ አደረግሽ" አልኳት። እናትየዋ ቁልቋሉን አልፈው፣ ቅንጭቡን አልፈው፣ ድብልብሉን የባዕድ አገር ካክተስ "ጃርት ነው እንዴ ይሄ?" ብለው ሁላችንን አሳቁን። ደስ የሚሉ ሴት ነበሩ።

እሬቷ ጋ ስንደርስ ፊታቸው በራ።

"ውይ! ይቺ የኛ ናት እኮ! የቆላ እሬት!"

ይሄኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? "አይደለችም፣ እናቴ" አልኳቸው፣ ፈገግ ብዬ፣ ጣቴን ወደ ሰሌዳው እየቀሰርኩ። "እንደዚያ ትመስላለች እንጂ ይቺ የደጋ ናት። እዚያ ላይ ተጽፏል።"

ልጅቱ አነበበችላቸው። መካነ ብርሃን የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጿ ቀነሰ፤ እናቷን አየቻቸው። እናትየዋ ዱላቸውን ጨበጥ አደረጉና፣ "ከመካነ ብርሃን ከየት ላይ?" ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ደግሞ የወሬ በር ተከፈተልኝ ብዬ ተንጠራራሁ። አቤት! ያን ቀን ምላሴ በተቆረጠ። ለቅሶ መድረሳችንን፣ ከቅጥሩ ኋላ ብቻዋን ማግኘቴን፣ ባለቤት እንዳልነበራት አወራሁ። ቀጥሎ ሰው የሚስቅበት ቦታ መጣ፤ የሽማግሌው ነገር። ጋቢ እንደማጣፋት አድርጌ፣ ጎበጥ ብዬ፣ ድምፄን አንቀጥቅጬ "ተዋት ብትባልስ?" አልኩ። "ከመንግሥት ነው ስላቸው ዱላቸውን ይዘው እብስ አሉ!" ተማሪዎቹ ሳቁ። ጥንዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያልሳቁት ሁለት ናቸው።

"ያ ሽማግሌ የባሌ ወንድም ነው" አሉ እናትየዋ።

ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ።

"እሱ ነው በስልክ የነገረኝ። 'ከመንግሥት መጥተው ወሰዷት፣ ተዋት ብልም አልሰሙኝ' ብሎ። እኔ ነኝ የተከልኳት፣ መምህር። ከአባቴ አገር ከቆላ፣ በቅርጫት አዝዬ ሽቅብ ያወጣኋት እኔ ነኝ።"

ይህን ሰምቼም አመሌ አለቀቀኝም፣ ይኼንንም ልናገረው። ሰው ፊት ተረታሁ አልኩና፣ "እሬት መቼስ የትም ይበቅላል፣ እናቴ። ሌላ ትሆናለች፤ ተሳስተው እንዳይሆን" አልኳቸው። ለእሳቸው፣ ተሳስተው እንዳይሆን!

ያን ጊዜ ልጅቱ እናቷን ለቃ ወደ እኔ መጣች። "መምህር" አለችኝ፣ "እህቴ ናት እኮ። ሰው እያሳቁበት ያለው የእህቴን መቃብር ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምነኛ ደስ ባለኝ። ተማሪዎቹ ጫማቸውን ያያሉ። እናትየዋ ግን ልጃቸውን በእጃቸው ገታ አደረጉና፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ያለ ቁጣ ነገሩኝ። ያለ ቁጣ መሆኑ ነው የባሰብኝ፤ ቢሰድቡኝ እኮ እኔም አፍ አለኝ።

ሕፃኗ ለሰማንያ ቀኗ አስራ አንድ ቀን ሲቀራት፣ አንድ ጠዋት ትኩሳት ያዛት። ቄስ እስኪጠራ አልጠበቀችም። ክርስትና ስላልተነሳች ቅጥር ውስጥ አትገባም ተባለ፤ ፍትሐትም የለም። አባቷ ከቅጥሩ ውጭ፣ በተቻለው ሁሉ ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ቀበራት። ድንጋይ ቢያቆሙ ልጆች ያፈርሱታል፣ እረኛ ይቀመጥበታል። እሳቸው ሐዘናቸው ሲበረድ ወላጆቻቸው ዘንድ ቆላ ወርደው እሬቷን አመጡ።

"በኛ አገር እሬት መቃብር ላይ ካበበች፣ ያቺ ነፍስ ገነት ገብታለች ይባላል" አሉኝ። "እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ጠበቅኋት። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ሄጄ አያታለሁ። ቅጠል፣ ቅጠል ብቻ። ከብት በላት ብዬ አጥር አጠርኩላት። ጸበል አጠጣኋት። የኔ ኃጢአት ይሆን፣ ቄሱን ቀድሜ ባለማስጠራቴ ይሆን እያልኩ ኖርኩ። ቄሱም አይዞሽ ይሉኛል፣ ግን እሳቸውም እርግጡን አያውቁት።"

እኔ አውቀው ነበር። ያላበበችው ብርዱ ከልክሏት ነው። የቆላ ተክል በደጋ ውርጭ ነፍሷን ይዛ ትቆያለች እንጂ አበባ አታወጣም፤ ይኼ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ነው። እሳቸው ሃያ ስድስት ዓመት ራሳቸውን የከሰሱበትን ነገር እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ እችል ነበር። ግን በዚያች ሰዓት በምን አፌ ነው የማስተምራቸው?

ከተቀመጡበት አበባዎቹን ሲያዩ ቆዩ።

"መቼ አበበች?"

"ዘንድሮ፣ እናቴ። በመስከረም።"

"በመስከረም" አሉ ለራሳቸው። እጃቸውን ዘርግተው አንዱን ዘንግ ነኩና ጣታቸውን ሳሙ። ከዚያ አንተ አሉኝ፤ እስካሁን እርስዎ ነበር የሚሉኝ። "አንተ ልጄ፣ የተማርክ ነህ። እዚህ ማበቧ ይቆጠርላት ይሆን? እዚያ ከላይዋ ላይ ሳትሆን?"

ቁልቋል ለኪንታሮት ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀኝን ሁሉ ያመናጨቅሁ ሰውዬ ወደ ሥሯ አጎነበስኩ። ሁሉም ያዩኛል። ልጅቱም ታየኛለች፤ ዓይኗ "አሁንም ዋሽተህ እይ" የሚል ይመስላል። የማውቀውን ብቻ ልናገር አልኩ።

"ሥሯ ያው ነው፣ እናቴ። አንድም ሥር አልተቆረጠም፤ ከነአፈሯ ነው ያመጣኋት። ከዚያው አፈር ላይ ነው ያበበችው።"

ይኼ እውነት ነበር። እናትየዋ ጥቂት አሰቡበትና ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ልጅቱ አጠገባቸው ተንበርክካ አቀፈቻቸው። "እንግዲያ ገብታለች" ሲሉ ሰማሁ ከነጠላው ሥር። "ገብታለች በይኝ።" "ገብታለች፣ እምዬ" አለቻቸው። ከጥንዶቹ አንዷ፣ ከደቂቃዎች በፊት በእኔ ቀልድ ስትስቅ የነበረችው፣ እንባዋን ትጠርጋለች።

አንጀቴን በሉት። ይቅርታ ብዬ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ነቅዬ፣ መንገዱ ሲከፈት ራሴ ይዣት ሄጄ እመልሳታለሁ አልኳቸው።

"እንዳትነካት!" አሉ ደንግጠው። "እዚያ ይበርዳታል። እዚህ ተመችቷት አይደል? አንዴ አጥፍተሃል፣ አጥፍተሃል፤ ተወው። እኔም በእግሬ መጥቼ የማያት ቦታ ሆነችልኝ።" ሰሌዳውን ግን ልጅቱ እያየችው ነበር። ሄጄ ነቀልኩት። ሚስማሩ እጄን ቧጨረኝ፤ ደግ አደረገኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ስሜን በብብቴ ይዤ ቆምኩ። ይኼን ያህል ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ሆኖም አፍሬም ቢሆን ቀለል ብሎኛል። እውነት ተናገርኩ፣ ይቅር ተባልኩ፣ አለቀ ብዬ ነበር።

እናትየዋ ልጃቸው አንስታቸው ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ዞሩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ። "ጉድጓዱንስ? ስታወጣት ጉድጓዱን ደፍነኸዋል አይደል? የባሌን ወንድም ይኼን ልጠይቀው ስል ስልኩ ጠፋ፤ መስመሩ ሳይመለስ እሱም አረፈ። ሁለት ክረምት ውሃ ገብቶባት ይሆን፣ አውሬ አግኝቷት ይሆን እያልኩ ነው የምቆዝመው። ጥልቅ አልነበረም አባቷ የቆፈረላት፤ ድንጋይ ነበር የገጠመው።"

አልደፈንኩትም። ሾፌሩ ሲጠራኝ ጉድጓዱን አፉን እንደከፈተ፣ የማስኩትን አፈር ጎን ለጎን እንደተቆለለ ትቼው ነው የሮጥኩት። ለአንዲት ደቂቃ ሥራ፣ በእግሬ ገፋ ገፋ ለማድረግ እንኳ አልቆምኩም። መካነ ብርሃን ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንደዘነበበት እግዜር ይወቀው።

ልጅቱ ታየኛለች። ከመጣች ጀምሮ መጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ አዎ በልልኝ የሚል ልመና ነው ያለው።

"ደፍኜዋለሁ፣ እናቴ" አልኩ። በቃ ብዬ እንኳ አልተውኩትም፤ "አፈሩን መልሼ፣ በእግሬ ጠቅጥቄ፣ ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጭኜበት ነው የሄድኩት።"

እናትየዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ዱላቸውን ወደ ግራ አዛወሩና በቀኝ እጃቸው ራሴን ዳበሱኝ፣ እኔን የስድሳ ምናምን ዓመቱን ሽበታም፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

"እንግዲያስ ደግ ሰው ነህ፣ ልጄ" አሉኝ። "ቀባሪ አያሳጣህ።"

"አሜን" አልኩ።